ዳቦ ይዤ ኮምፒዩተር ስማር

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ቤዛ ኮምፒዩተር ልትማር እዚህ ጅቡቲ ኮሌጅ ስትገባ አብሬያት ሄጄ ነበር። ይዣት ሄድኩ ማለት አልችልም፤ እሷ ናት እጄን ይዛ ታክሲ ውስጥ ያስገባችኝ። የእኔ መሄድ ለወግ ያህል ነው። ምዝገባው ሁሉ በስልክ አልቋል፤ እኔ ግን የምትማርበትን ክፍል በዓይኔ ካላየሁ ብዬ ሙጭጭ አልኩ። በሩ ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ወጣት ጥበቃ ቆሟል። የቤዛን ካርድ አየ፣ መለሰላት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በሶማልኛ፣ በአክብሮት፣ «ማዳም፣ ይህች ልጅ የእርስዎ ናት?» አለኝ። ልጁ ክፋት የለውም፤ አብሬያት መሆኔን አረጋግጦ ሊያስገባኝ ነው። እኔ ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በዚያው ቅጽበት ከኋላው የክፍሉ በር ተከፈተና ያ ሽታ መጣ፤ የአየር ማቀዝቀዣ አቧራ፣ የሞቀ ፕላስቲክ፣ እርጥበት የያዘ ምንጣፍ። ግራ ክንዴ ሳላዘው ከጎኔ ጋር ተጣበቀ። ዳቦ እየፈለገ ነበር።

«እማማ፣ ምን ሆንሽ? መልሺለት እንጂ!» አለችኝ ቤዛ።

ሰው ሲያረጅ ፍርሃት ይለቀዋል የሚሉ አሉ፤ እኔ ዘንድ ገና አልደረሰም። ፈሪ ሆኜ ነው ያደግሁት፣ ፈሪ ሆኜ ነው የተማርኩት፣ ፈሪ ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት። በዚያ በር ላይ አፌን ከፍቼ የቆምኩበት ጊዜ ለቤዛ አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም ይሆናል። እኔ ግን በዚያች አፍታ የልጅነት ሰፈሬ ካርቲየ 2 ደርሼ ተመልሻለሁ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ካርቲየ 2 ውስጥ ግድግዳው ሳንቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ በሆነ ቤት እኔና እናቴ ብቻ እንኖራለን። አባቴ እንደ አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ቀድሞን አረፈ። ግቢውን ከሌሎች ጋር እንጋራዋለን፤ ሙቀቱ ሲበረታ ሁላችንም አልጋችንን አውጥተን ውጭ እንደረድራለን፣ ሰውም በጀርባው ተንጋሎ ከአልጋ ወደ አልጋ ያወራል። ዛሬ ያን ሰፈር ሳልፍበት መንገዱ ጠቦብኛል፤ ወይም እኔ ሰፍቻለሁ። ያኔ ረጅሙ የፈረንሳይ ዳቦ በሃያ ፍራንክ ይገዛል፤ የጠርሙስ ኮካ ለእንግዳ ብቻ ነው የሚከፈተው። ሴቶቹ ድሪእ የሚሉትን ስስ ሰፊ ቀሚስ ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው፣ በአቬኑ 13 ሲያልፉ አቧራው ራሱ ደስ ይለው ነበር። ከየሱቁ ሬዲዮ የሶማሊ ዘፈን ይፈሳል፤ አንዱ ሱቅ የጀመረውን ቀጣዩ ሱቅ ይቀበለዋል፣ አንድ ዘፈን ሳይቋረጥብሽ ገበያ ትደርሻለሽ። ይህን ሁሉ በፍቅር ነው የማስታውሰው። ግን እያንዳንዱን የመንገድ ጥግ የማውቀው ስለወደድኩት ብቻ አይደለም። የትኛው ጥግ ላይ ፖሊስ እንደሚቆም ማወቅ ነበረብኝ።

ወረቀት አልነበረኝም። የሚገርመው እናቴ ወረቀት አላት። አባቴም ነበረው፤ የጎረቤት ልጆች ሁሉ አላቸው። እኔ ብቻ የጎደለኝ በወግ ምክንያት ነው። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል ተብሎ፣ እናቴ ሆዷ ሲገፋ በባቡር ድሬዳዋ አያቴ ዘንድ ሄደች። እዚያ ወለደችኝ፣ እዚያ አርባ ቀን ገንፎዋን በላች፣ እዚያ ክርስትና አስነሳችኝ፣ ከዚያ አቅፋኝ ተመለሰች። ማን ነው ያኔ ሕፃን ያቀፈች ሴት ባቡር ላይ ወረቀት የሚጠይቅ? ሌላ ልጅ ብትደግም ኖሮ እዚሁ ትወልደው ነበር፤ አልደገመችም። አያቴ ከሞተች በኋላ የድሬዳዋው ቤት ተሸጠ፤ እዚያ የማውቀው አንድ ሰው የለም። ጅቡቲ ደግሞ ከማላስታውሰው ዕድሜዬ ጀምሮ የኖርኩባት ናት፤ በሕግ ፊት ግን ትናንት ድንበር አቋርጣ ከመጣች ልጅ በምንም አልለይም።

እና አፈሳ ነበር። እኛ አፈሳ እንላለን፣ ሌላው ራፍል ይለዋል። ሸራ የለበሰ ካሚዮን ድንገት አንድ ጥግ ላይ ይቆማል፤ ወረቀት የሌለውን ይጭናል፤ አንድ ግቢ ውስጥ ያጠራቅማል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ከሚሰገደው ከመግሪብ ሶላት በኋላ ወደ ድንበር ይነዳል። ግቢያችን ውስጥ እንዲህ የሄዱ ነበሩ። አንዷ የውጭ በር ከፍታ የቆሻሻ ውሃ ልትደፋ ወጥታ ነው የሄደችው፤ ባልዲው በሩ ላይ ቀረ። ካሚዮን የሚባል ነገር ድምፁን ስሰማ ዛሬም ግድግዳ ተጠግቼ ነው የማሳልፈው። የነፃ ንግድ ቀጠናው ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ከተማው ካሚዮን በካሚዮን ሆኗል፤ ታዲያ እንዴት ነው እኔ ፍርሃት የሚለቀኝ?

ኮምፒዩተር መማርን ያመጣችው ነኢማ ናት። ነኢማ የሰፈሬ ልጅ፣ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ ቤተሰቧ ከድሬዳዋ የመጣ፣ ግን እሷ እዚሁ የተወለደች፣ ባለወረቀት፣ ባለምላስ። አንድ ቀን ሮጣ መጣችና፣ «አቦ ስሚኝ! ከባቡር ጣቢያው ማዶ ኦርዲናተር የሚያስተምር ማዕከል ተከፍቷል። የሚጠይቁት የትምህርት ማስረጃና ፎቶ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ፈተና ላለፈ ደግሞ የተማሪ ካርድ ይሰጣሉ፣ ማኅተም ያለበት!» አለችኝ። ፈረንሳዮቹ ኮምፒዩተርን ነው ኦርዲናተር የሚሉት፤ ያኔ ግን ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ማኅተም የሚለውን ብቻ ነው የሰማሁት። በዚያን ጊዜ የተማሪ ካርድ ያሳየ ከካሚዮን ይመለሳል ይባል ነበር፤ የተመለሰም አይተናል። ስለዚህ እኔ ኮምፒዩተር ያጠናሁት፣ ዛሬ ወጣቶቹ እንደሚሉት ዝንባሌ ኖሮኝ አይደለም። እናቴ ጋር ለመቅረት ነው።

ችግሩ ካርዱ ከፈተናው በኋላ መሆኑ ነበር። እስከዚያ ድረስ በየቀኑ ከካርቲየ 2 ተነስቼ፣ በፕላስ ምኒልክ አደባባይ በኩል አልፌ፣ ማዕከሉ መድረስና መመለስ አለብኝ። እናቴ ወርቅነሽ፣ ሀራሙስ በሚባለው ሰፈር በፈረንጆች ቪላ ልብስ በካውያ እየተኮሰች ነው የምትተዳደር፤ በሚኒባስ መስኮት ከተማውን ስታይ የኖረች ሴት ናት። ሁለት ቀን ያህል አሰበችበትና ሦስተኛው ላይ አንድ ዳቦ ገዝታ መጣች።

«ይኸን በብብትሽ ይዘሽ ሂጂ፣ ይዘሽ ተመለሺ።»

«የሚበላ ነው?»

«አትንኪው! ፖሊሶቹን ስንት ዓመት አየኋቸው። ሻንጣ የያዘን ይጠይቃሉ፣ ፌስታል የያዘን ይጠይቃሉ፣ ባዶ እጁንም ይጠይቃሉ። ዳቦ የያዘን ሰው ጠይቀው አያውቁም። ዳቦ የያዘ የሚጠብቀው ሰው አለው፣ ቤት አለው። የዚህ አገር ሰው ነው።»

ሳቅሁባት። ግን ይዤ ወጣሁ። ነኢማም ሻሿን አዋሰችኝ፣ እንዴት እንደሚጣል አሳየችኝ፤ ዳቦው ከሻሹ ሥር ጫፉ ብቻ ብቅ ይላል። የመጀመሪያው ቀን ፕላስ ምኒልክ ላይ ሁለት ፖሊሶች ፊት ለፊት መጡ። አንደኛው አየኝ፣ ዳቦውን አየ፣ ዓይኑን አነሳ፤ የሚያየው ነገር እንዳጣ ሰው ነበር ያነሳው። አልፌ ስሄድ ዳቦው በላብ ርሶ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳቦ ሳልይዝ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። አንዱ ዳቦ ሁለት ቀን ያገለግላል፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ድንጋይ ሲሆን እናቴ ሻይ ውስጥ ነክራ ትበላዋለች፣ አዲስ ይገዛልኛል።

ክፍሉ ውስጥ ስንገባ ጫማ ይወለቃል። የበግ ለምድ ቀለም ያለው ምንጣፍ፣ ጨርቅ የለበሱ ማሽኖች፣ ግድግዳው ላይ የሚያጓራ የአየር ማቀዝቀዣ። ለብዙዎቻችን በዕድሜያችን ያገኘነው የመጀመሪያው ቅዝቃዜ እሱ ነበር፤ አንዳንዱ ተማሪ ለትምህርቱ ይሁን ለብርዱ የመጣው አይታወቅም። መምህራችንን በፈረንሳይኛው አጠራር ሙሴ፣ አቶ እንደማለት፣ ነበር የምንለው፤ ከፈረንሳይ ከመጣ ዓመት ያልሞላው ቀይ ሰው፣ ካልሲው ሁልጊዜ ነጭ። አንድ ማሽን ለሁለት ነው፤ እኔና ነኢማ አንድ ላይ። ስክሪኑ ጥቁር፣ ፊደሉ አረንጓዴ፣ ትዕዛዝ የምትጠብቀው ትንሽዋ መስመር ብልጭ ጥፍት ትላለች። ያቺን መስመር እጅግ እፈራት ነበር። «ቀጥሎስ? ቀጥሎስ?» የምትለኝ ይመስለኛል፤ እንደ ፖሊስ። አንድ ፊደል ስቼ ብነካ ማሽኑ የሚቃጠል፣ ሙሴ ስሜን የሚጠራ፣ ከስሜ ቀጥሎ የትውልድ ቦታዬን የሚጠይቅ ይመስለኝ ነበር። ነኢማ በሁለት ጣቷ እንደ በቆሎ እየለቀመች ትተይባለች፤ እኔ መስመር ከመጻፌ በፊት ሦስቴ በልቤ አነበዋለሁ። በፍርሃት ምክንያት ስህተቴ ትንሽ ነበር። ሙሴ ይህን ጥንቃቄ ብሎ ያመሰግነኝ ነበር።

ዳቦው ታዲያ ወንበሬ ሥር ቦርሳዬ ላይ ይተኛል። አንድ ቀን የጥግ ላይ ማሽን አልነሳ አለ። ሙሴ ብሎኑን ፈትቶ ከፈተው፤ ሁላችንም ከበነው። ውስጡ ጉንዳን። የጉንዳን ከተማ በሉት፤ እንቁላላቸውን ተሸክመው ሽቦ ለሽቦ ይመላለሳሉ፣ በየመሐላቸው ደግሞ ነጭ ፍርፋሪ። ሙሴ አንዷን ፍርፋሪ በጣቱ አነሳና አሸተታት። የክፍሉ ሰው በሙሉ ወደ እኔ አልዞረም፤ ግን ወደ እኔ ላለመዞር ሲታገል ይታያል። የእኔ ማሽን እንኳ አልነበረም፤ ጉንዳኑ ግን መንገዱን ያውቃል። ሙሴ ማን እንደሆነ አልጠየቀም። «ከነገ ጀምሮ ወደዚህ ሕንፃ ምግብ ይዞ የገባ ትምህርቱ እዚያው ያበቃል» አለ፣ በረጋ ድምፅ። ለእሱ የንጽሕና ጉዳይ ነው። ነኢማ ከሰው ጀርባ እጄን ያዘችው።

በማግስቱ ዳቦውን ማዕከሉ ግቢ ውስጥ ካለችው ግራር ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልኩት። የጅቡቲን ፍየል የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርግ፣ እኔ ደግሞ ከእነሱ ጋር ነው ያደግሁት! ካርቶን የሚበላ ፍየል፣ ሲሚንቶ ከረጢት የሚበላ ፍየል ዳቦ ይተዋል? ስወጣ አንዷ በኋላ እግሮቿ ቆማ የመጨረሻዋን ጉርሻ ታላምጣለች። ነኢማ በሳቅ ፈረሰች። እኔ አለቀስኩ። ያን ቀን ነኢማ በአንድ በኩል አቅፋኝ፣ ጮክ ብላ በሶማልኛ የሌለ የሠርግ ወሬ እያወራችልኝ፣ ሞቼ ተነስቼ ቤት ደረስኩ።

እናቴ ስትሰማ ለመመለሻው ራሷ ዳቦ ታመጣልኝ ጀመር፤ ስሄድ የምይዘውን ደግሞ ከማዕከሉ በር በፊት ለፍየሎቹ እተውላቸዋለሁ። ከሀራሙስ ተመልሳ፣ እኔ በምወጣበት ሰዓት ፕላስ ምኒልክ አጠገብ ካለው ፋርማሲ ጥግ ትደርሳለች። እስከዚያ ያለችውን አጭር መንገድ ከነኢማ ጋር እመጣለሁ። እናቴ ስታየኝ ሰላም አትለኝም፤ ዳቦውን እየሄደች ታቀብለኛለች፣ እየሄድኩ እቀበላለሁ፣ ሁለታችንም ሳንቆም እንለያያለን። ጥግ ላይ ጫት የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ሁልጊዜ ታየን ነበር፣ ትስቅም ነበር። እንዲህ እያልን ፈተናው ደረሰ።

ፈተናው ስምና ነጥብ ተቀብሎ አማካዩን አስልቶ የሚያትም ፕሮግራም መጻፍ ነው። ዛሬ ቤዛ ይህን ብነግራት በስልኳ እያዛጋች ትሠራዋለች። እኔ ያን ቀን መስመር በመስመር እንደ ጸሎት ነው የጻፍኩት። ማሽኑን አስነሳሁት፤ ስም ጠየቀ፣ ሰጠሁት፤ ነጥብ ጠየቀ፣ ሰጠሁት፤ ትክክለኛውን መለሰ። አማትቤ ተነሳሁ። ግን ማተሚያው አንድ ብቻ ነበር፤ ጠርዙ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ወረቀት እየጎተተ፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና እየጮኸ የሚያትም። ወረቀቱ ተሰነቀረበት። ሙሴ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ተሳደበ፣ ደግሞ ከፈተ። የምንወጣበት ሰዓት አለፈ። መስኮቱ ላይ ፀሐይዋ ስትቀላ አየሁ። እናቴ ጥግ ላይ ደርሳለች፤ ልቤ እዚያ ነው። በመጨረሻ ወረቀቴ ወጣ፣ ሙሴ ፈረመበት፣ «አልፈሻል። ካርድሽን ነገ ጠዋት ከቢሮ ውሰጂ» አለኝ። ነኢማም አለፈች። ጫማችንን እጃችን ላይ ይዘን ነው የሮጥነው።

ፋርማሲው ጥግ ላይ እናቴ የለችም። ጫት ሻጯ እያየችኝ ሻሿን አፏ ላይ አደረገች።

«እናትሽን ወሰዷት» አለችኝ። «ብዙ ቆመች። ሂጂ አልኳት፤ ልጄ ሳትመጣ አልሄድም አለች። ዳቦ እንደያዘች ጫኗት።»

እናቴ ያን ሁሉ ዓመት ያስተዋለችው እውነት ነበር፤ ግን ዳቦ የሚያድነው የሚሄድን ሰው ነው። ዳቦ ይዞ ጥግ ላይ የሚቆም ሰው የለም። የቆመ ሰው ደግሞ ይታያል።

«ወረቀት አላት እኮ!» አለች ነኢማ። «አሳይታቸው ትለቀቃለች!»

ወረቀቷ የት እንዳለ ግን እኔ አውቃለሁ። በላስቲክ ጠቅልላ በመርፌ ቁልፍ ከሥራ ቀሚሷ ውስጥ ታያይዘዋለች። በዚያ ሙቀት ከሥራ ገብታ፣ ታጥባ፣ የቤት ቀሚስ ለብሳ ነው የምትወጣልኝ። እቤት ስንደርስ የሥራ ቀሚሷ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ወረቀቷ ውስጡ ነው። መርፌ ቁልፉን ስፈታ ጣቴን ወጋኝ፣ አልተሰማኝም።

«ስጪኝ፣ እኔ ልውሰደው» አለች ነኢማ። «አንቺ በር ዝጊና ቁጭ በይ። እዚያ ግቢ አንቺ ትሄጃለሽ? በእግርሽ? ወላሂ አብደሻል!»

ትክክል ነበረች። ግን ካሚዮኑ ከመግሪብ በኋላ ይነሳል፤ እናቴ ውስጡ ተቀምጣ እኔ በር ዘግቼ ቤት ልቀመጥ አልቻልኩም። ጀግንነት አይደለም። ብቻዬን ቤት ውስጥ መቅረቱ የባሰ አስፈራኝ። «ከመንገዱ ማዶ እቆማለሁ፣ አልጠጋም» ብዬ ማልኩላት። እጄ ባዶ ነበር። ሻሹ እንኳ በሩጫው ወድቆብኛል።

የታፈሱት የሚጠራቀሙበት ግቢ ረጅም የግንብ አጥር፣ አንድ የብረት በር ነው። ካሚዮኑ ሞተሩ እየተነሳ ነው። በበሩ ፍርግርግ በኩል ሰዎች መሬት ላይ በሰልፍ ተቀምጠዋል፤ እናቴን ወዲያው አየኋት፣ ዳቦውን ጉልበቷ ላይ አጋድማ። ነኢማ በሩ ላይ ካለው ፖሊስ ጋር ስትነጋገር እኔ ከማዶ ቆሜያለሁ። ፖሊሱ ወረቀቱን ተቀበለ፣ አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ በነኢማ ትከሻ ላይ አሻግሮ እኔን አየኝ። በጣቱ ጠራኝ። መሮጥ ነበረብኝ ይሆናል። እግሬ ግን ወደ እሱ ነው የሄደው።

«አንቺስ? የማን ነሽ?»

ልጇ ነኝ ብል ቀጣዩ ጥያቄ ወረቀትሽ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ሙሴ የፈረመበት የማተሚያ ወረቀት ነው፤ ካርዱ ነገ ነው። ነኢማ «ከእኔ ጋር ናት፣ የአክስቴ ልጅ» አለች። ፖሊሱ ግን ፊቴን ነው የሚያየው። እኔና እናቴን ያየ ሰው ማንም አይሳሳትም፤ ያው ግንባር፣ ያው ፍንጭት። ወደ ውስጥ ዞሮ እናቴን በስሟ ጠራት፤ ተነስታ ወደ ፍርግርጉ መጣች።

«ይህች ልጅ ያንቺ ናት?»

እናቴ ቀጥ ብላ ዓይኔን አየችኝ። ካውያ የሚይዘው እጇ ዳቦው ላይ ሲጠብቅ አየሁ። ሶማልኛዋ ሁልጊዜ እንደተሰበረ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ጥርት ብሎ ወጣ።

«ማ አቃን» አለች። «አላውቃትም።»

ፖሊሱ እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ እሷን አየ። የመግሪቡ አዛን ተጀመረ። ወረቀቷን አጣጥፎ ሰጣትና በሩን ከፈተላት። ገብቶት ይሁን ቸኩሎ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሌት ተቀን ሳስበው ኖሬያለሁ፤ ገብቶት ነው የምልባቸው ቀናት ይበዛሉ።

እናቴ በጎኔ አለፈች። አልቆመችም፣ አልነካችኝም። ዳቦዋን ብብቷ ውስጥ አድርጋ ወደ ካርቲየ 2 መንገድ ጀመረች፤ እኔና ነኢማ ከኋላዋ። አንድ ጊዜ እንኳ አልዞረችም። በየጥጉ ይዞራል ብዬ አንገቷን ነው የማየው። ካሚዮኑ ከኋላችን ሲነሳ ነኢማ ግድግዳ ላይ ለጠፈችኝ፤ እናቴ ያኔም አልዞረችም። በዚያ መንገድ ላይ ከፖሊሱ፣ ከካሚዮኑ፣ ከድንበሩም በላይ የፈራሁት ሌላ ነገር ነበር፤ ቃሉ ተነግሯል፣ አገር ሰምቷል፤ እና ቤት ስንደርስ እውነት ሆኖ ቢጠብቀኝስ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ እንዲህ ታስባለች ወይ ትሉ ይሆናል። በዚያ ሰዓት አምስት ዓመቴ ነበር።

ነኢማ በሯ ላይ ቀረች። እናቴ ገባች፣ ገባሁ፣ በሩን ዘጋች፣ መቀርቀሪያውን ጣለች። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አልጋው ላይ ተቀመጠች፣ ተነስታ መቀርቀሪያውን ደግማ አየች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ልጠጋት ፈራሁ።

«ፈተናውስ?» አለችኝ።

«አለፍኩ።»

«ካርዷን መቼ ይሰጡሻል?»

«ነገ ጠዋት።»

ከዚያ እያሾፈች የምትናገርበት፣ አንድ ቅንድቧን ከፍ የምታደርግበት ፊቷ መጣ።

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ አውቅሻለሁ» አለች። ሳቋ ግን መሐል ላይ ተሰበረና ጭንቅላቴን ስባ ደረቷ ውስጥ ቀበረችው። ዳቦውን ያን ማታ በላነው፤ ደርቆ ነበር።

ካርዱን አገኘሁ። ሁለተኛ ዓመት ተማርኩ፣ ትራንዚት ቢሮ ተቀጠርኩ፣ ቀጣሪዬ የመኖሪያ ወረቀት አወጣልኝ፣ ባል አገባሁ፣ ልጄን እዚሁ ወለድኩ፤ ወግ ይቅርብኝ ብዬ። ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ዕቃ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ በኮምፒዩተር ስሞላ ኖርኩ። ነኢማ የአባቷን ሱቅ ወረሰች፤ ዛሬም ስንገናኝ የፍየሏን ነገር አንስታ ትስቅብኛለች። የግቢውን ነገር ግን አታነሳም። እናቴ አርፋለች። በኑሮዋ ሁሉ ያቺን ቃል አንድም ቀን አላነሳችም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። አንዳንድ ጊዜ ጎረቤት ፊት ስታስተዋውቀኝ ግን «ልጄ ናት» የሚለውን ሁለት ጊዜ ትለው ነበር፤ ሰው የመስማት ችግር ያለበት ይመስል።

«እማማ!» አለችኝ ቤዛ፣ ክንዴን ይዛ። «ሰውየው እየጠበቀሽ ነው!»

ጥበቃው አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው። ዩኒፎርሙን አየሁ። የቤዛን ካርድ አየሁ፤ ማኅተሙን፣ ፎቶዋን፣ የትውልድ ቦታ ጅቡቲ የሚለውን። ምንም የሚያስፈራ ነገር የለም። ልቤ ግን አላመነም፤ የእናቴ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ተቀምጧል፣ በዚያው በጠራው ሶማልኛ። ይዤው ቆየሁ፣ ዋጥኩት።

«የእኔ ናት» አልኩት። ያልሰማኝ መስሎኝ ጮክ ብዬ ደገምኩለት። «የእኔ ናት።»